ከዳኛ በፊት የፈረደ ሕግ

የካናዳዋ የኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት መንግሥት በኖቬምበር 2025 ለጠቅላይ ግዛቱ ምክር ቤት ያቀረበው ሕግ ስሙ «ወንጀለኞችን በእስር ማቆየት» የሚል ነው። ውስጡ ስለ ዋስትና የሚለው ግን የሚነካው ወንጀለኞችን ሳይሆን ገና ያልተፈረደባቸውን ተከሳሾች ነው፤ ፍርድ ቤት የወሰነው የዋስትና ገንዘብ በሙሉ አስቀድሞ በጥሬው እንዲያዝ ያስገድዳል። ተከሳሽና ወንጀለኛ አንድ እንዳልሆኑ የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃል። የሕዝብ ደኅንነት አደራ የተሰጣቸው ሶሊሲተር ጄኔራል ማይክል ከርዝነር ግን ይህን ልዩነት ገና በርዕሱ ላይ ደምስሶ ለተነሣ ሕግ ቆመው ተሟግተዋል።

ገንዘቡ የተያዘበት ሰው ይጠነቀቃል ይሉናል። ክርክሩ ደካማ ብቻ ሳይሆን የተገለበጠ ነው፤ ዕፅና መሣሪያ የሚነግድ ሰው ገንዘቡን ሳይመሽ ያስይዛል፣ በሌሊት ፈረቃ ቢሮ የምታጸዳ እናት ግን የዕቁብ ዕጣዋ እንዲቀደምላት ሰብሳቢውን ስትለማመጥ ልጇ ቀጠሮ ላይ ይከርማል። በአገር ቤት የዋስትና ብር ለማሟላት ከዘመድ ዘመድ የዞርን ሰዎች ይህን የሚያስረዳን አያስፈልገንም። በካናዳ የኖረው ልማድ ዋሱ ቃል ገብቶ፣ ተከሳሹ ግዴታውን ሲያፈርስ ብቻ እንዲከፍል ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 በአንቲክ መዝገብ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ለየት ላለ ሁኔታ ብቻ የሚፈቀድ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል።

በ2022 መጨረሻ በኦንታሪዮዋ ሄገርስቪል አጠገብ አንድ ወጣት ፖሊስ በመግደል የተከሰሰው ሰው በዋስ የወጣ ነበር፤ ሐዘኑ እውነተኛ ነው፣ ቁጣውም ይገባኛል። ይሁንና ሰውየው ፍርድ ቤት ባለመቅረቡ ከወራት በፊት የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶበት እንደነበር ለምን ይረሳል? ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ፖሊስ ነው፣ የፖሊስ ሥራን የሚከታተለው ደግሞ ይኸው የከርዝነር ሚኒስቴር ነው።

ነገሩ የሚብሰው በሚኒስቴሩ በራሱ ቤት ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ፖሊስ፣ እስር ቤቶቹ፣ የሞት ምክንያት የሚያጣራው የኮሮነር ቢሮ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛው ሶሌይማን ፋቂሪ በዲሴምበር 2016 ሊንዚ በሚገኘው እስር ቤት ሲሞት 30 ዓመቱ ነበር። አልተፈረደበትም፤ የአእምሮ ምርመራ እየጠበቀ 11 ቀን ቆይቶ ነበር። ጠባቂዎች እየታገሉት ዓይን የሚያቃጥል ርጭት ሁለት ጊዜ ረጩበት፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፈኑት፤ በገላው ላይ ከ50 በላይ የምት ምልክት ተገኘ። መጀመሪያ የሞቱ ምክንያት አልታወቀም ተባለ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ፖሊስም ማንንም አልከስስም አለ። እስር ቤቱ የሚኒስቴሩ፣ መርማሪው የሚኒስቴሩ፣ ፖሊሱ በሚኒስቴሩ ሥር፤ ቤተሰቡ አቤቱታውን ለማን ያሰማ? ከዜጎች የተውጣጣ ሸንጎ ሞቱ በሰው እጅ የደረሰ መሆኑን የወሰነው በ2023፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

በኦንታሪዮ እስር ቤቶች ካሉት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት እንደ ፋቂሪ ፍርድ የሚጠብቁ ናቸው። ለሁለት ሰው በተሠራ ክፍል ሦስተኛው ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ፣ ራሱን ወደ መጸዳጃው አድርጎ ይተኛል፤ ጠባቂ ሲጎድል በሩ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል፣ ሻወርም ስልክም የለም። የቶሮንቶ ዳኞች በዚህ የተነሣ ከቅጣት ላይ ቀን ሲቀንሱ ኖረዋል። ጥብቅ ነኝ የሚለው ሚኒስቴር፣ በገዛ እጁ ቅጣት የሚያሳጥር ሆኗል ማለት ነው!

ያ ሸንጎ 57 ምክሮች ሰጥቷል። ከነዚህ አንዱ፣ እስር ቤት ለጽኑ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚሆን ቦታ አለመሆኑን መንግሥት በአደባባይ እንዲናገር የሚጠይቅ ነው። መንግሥት ግን ወደዚያው ወለል የሚወርደውን ሰው የሚያበዛ ሕግ ይዞ ቀረበ።