ለአንዱ ሽርሽር፣ ለሌላው ወንጀል

በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል ባለው ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ ምድር፣ እሑድ እሑድ ጭቃ የጠገበ ጫማ አጥልቆ፣ ካርታ ይዞ፣ ዝናብም ሆነ ጭጋግ ሳይበግረው ሲጓዝ የሚውለው ሰው ብዙ ነው። የሚያደርሰው ጉዳይ ግን የለውም። እንዲህ ላለው መንገደኛ የወጣለት ስም «ራምብለር» ነው። «ራምብል» ያለ ውጥን ወዲያና ወዲህ ማለት ሲሆን፣ ከርእሱ እየወጣ ለሚያወራ ሰውም ይነገራል። ቃሉ አርጅቷል፤ ሆኖም በ1935 የተመሠረተው የእግር ተጓዦች ማኅበር እስከ ዛሬ ይጠራበታል (ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በሥነ ጽሑፍ ቃሉን ካከበሩት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ከ1750 እስከ 1752 በሳምንት ሁለት ጊዜ ያወጣቸው ለነበሩት መጣጥፎች «ዘ ራምብለር» የሚል ስም ሰጣቸው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦስዌል እንደሚነግረን፣ ጣልያኖች ይህን ርእስ ቃል በቃል ሲመልሱት «ኢል ቫጋቦንዶ» አሉት፤ ለንደን ላይ የተከበረ ጸሐፊ መጠሪያ የነበረው ስም የአልፕስን ተራራ ሲሻገር ቦዘኔ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ቦስዌል ነገሩን በሣቅ ያልፈዋል። እኔ ግን ጣልያኖቹ ተሳሳቱ ለማለት አልደፍርም፤ የእንግሊዝ ሕግ ራሱ ሁለቱን የሚለየው በእግራቸው ሳይሆን በኪሳቸው ነበርና።

በ1572 የወጣው ሕግ፣ ጌታም ሥራም የሌለው ዘዋሪ ተገርፎ የቀኝ ጆሮው በጋለ ብረት እንዲበሳ ያዝዝ ነበር። የመኳንንት ጥላ የሌላቸው ተጓዥ ተዋንያን እንኳ ከዚሁ ወገን ተቆጥረው ነበር። ከናፖሊዮን ጦርነት የተመለሱ ችግረኛ ወታደሮች በየመንገዱ በበዙበት ዘመን፣ በ1824፣ የወጣው ሌላው ሕግ ደግሞ የሚታይ መተዳደሪያ ሳይኖረው የሚዞረውንና በየጎተራው የሚያድረውን ሰው ወንጀለኛ አደረገው። ይህ ከመሆኑ 17 ዓመት ቀደም ብሎ ዎርድስዎርዝ እንደ ደመና ብቻውን መዞሩን የሚናገርበትን ዝነኛ ግጥሙን አሳትሞ ነበር። (በመሠረቱ ብቻውን እንኳ አልነበረም፤ በግጥሙ የሚያወሳቸውን አበቦች ባየበት ቀን እኅቱ ዶሮቲ አብራው እንደነበረች የራሷ ማስታወሻ ይመሰክራል።) ገጣሚውም ያ ወታደርም በአንድ መንገድ ላይ ያለ ጉዳይ ይዞራሉ፤ ገጣሚው ግን ሲመሽ የሚገባበት ቤት አለው።

ጆንሰን ራሱ ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም። በ1759 ያሳተመው ልብ ወለድ ባለታሪኩ ራሴላስ የሚባል ኢትዮጵያዊ መስፍን ነው። መጽሐፉን በኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ራሴላስ የነገሥታት ልጆች ተከበው ከሚኖሩበት የደስታ ሸለቆ ከእኅቱ ጋር ያመልጥና ደስታ የት እንደምትገኝ ለማወቅ እስከ ካይሮ ይዘልቃል። ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር ቢኖር፣ ሁለቱ ከመውጣታቸው በፊት በአማካሪያቸው በኢምላክ ምክር ውድ ዕንቁ በልብሳቸው ውስጥ መደበቃቸው ነው። ያ ዕንቁ ባይኖር የካይሮ ሰው መስፍኑን ፈላስፋ ብሎ አብሮት ይቀመጥ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ተራ ሠራተኛው ያለ ጉዳይ የመዞር መብት ያገኘው ታግሎ ነው። በኤፕሪል 24 ቀን 1932 ወደ አራት መቶ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማንቸስተር ወጣት ሠራተኞች፣ ለባለ መሬቶች የወፍ አደን ተከልሎ ወደነበረው ወደ ኪንደር ስካውት ተራራ ሆን ብለው ወጡ፤ ከመካከላቸውም አምስቱ ታሰሩ። በእንግሊዝና በዌልስ በተራራና በባዶ መስክ ላይ እንደ ልብ መጓዝን የፈቀደው ሕግ የወጣው ግን በ2000 ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እናቴ እኔ ወደምኖርበት ወደ እንግሊዝ ለጥየቃ መጥታ ሳለ፣ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት በዝናብ ከዘራ ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አይታ፣ «ለቅሶ ሊደርሱ ነው ወይስ ስለት አለባቸው?» አለችኝ። የትም እንደማይሄዱ ብነግራት፣ «የትም የማይሄድ ሰው ምነው እቤቱ ቢቀመጥ!» ብላ መስኮቱን ዘጋች። እሷ ባደገችበት አገር የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰው ቁራሽ ያወጣለታል፤ መንገዱ ወደ ቅኔ ወይም ወደ ዜማ ቤት እንደሚያደርሰው ይታወቃልና። ወደ ግሸን የሚወጣውም ምእመን እንዲሁ ነው። የማያስከብረው ምክንያት የሌለው ዙረት ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ «ዙረታም» የሚለው ስድብ እስከ ትዳሯ ይከተላታል። በዚህ በኩል የእኛ ሚዛን የተሻለ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ሀብትን ሳይሆን ዓላማን ይጠይቃልና። ይሁን እንጂ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅም፣ ቦዘኔ ማን እንደሆነ ሲተረጉም፣ እንደ 1824ቱ የእንግሊዝ ሕግ የሚታይ መተዳደሪያ ማጣትን ይቈጥራል። ባለ ሥራው ወጣት አመሻሹ ላይ ከጓደኛው ጋር ሲዞር «ወክ እያደረግን ነው» ይላል፤ ሥራ አጡ በዚያው አስፋልት ላይ ሲዞር ይህ ቃል አያምርበትም።

የእግር ተጓዦቹ ማኅበር አባላት አንዳንዴ እኛንም ኑ ይሉናል። ከመተማ ተሻግሮ፣ ሱዳንንና ሊቢያን ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ያቋረጠ ጎረቤቴ በትሕትና ያመሰግናቸዋል። በየኬላው «ወዴት ነው?» ሲባል የነበረ ሰው፣ ዛሬ ወረቀትና ሥራ ስላለው፣ ተራራው ላይ ቢገኝ የሚገጥመው «እንዴት ዋልክ» የሚል መንገደኛ ብቻ ነው። እሱ ግን «በእግሬ የሄድሁት ይበቃኛል» ብሎ እሑድን ተኝቶ ማሳለፍን ይመርጣል።