አምስት ነዋሪ ያላት ከተማና የድሬዳዋ ባቡር

በአሜሪካዋ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ተራሮች መካከል፣ ኒው ሪቨር የተባለው ወንዝ በሰነጠቀው ሸለቆ ውስጥ፣ ተርመንድ የምትባል የከሰል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገቡባት ነዋሪዎች አምስት ናቸው። አምስት ሺህ አላልኩም፤ አምስት ሰው ብቻ። ሆኖም የባቡር ጣቢያዋ እ.ኤ.አ. በ1995 ታድሶ እንግዳ ይቀበላል፤ የእንፋሎት ባቡሮች ከሰል ይጭኑበት የነበረው የኮንክሪት ማማም ከሐዲዱ በላይ እንደተገተረ ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ያደግሁ ሰው ይህን አይቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእኛ ችላ የተባለ የባቡር ቅርስ ትዝ ብሎኝ አንገበገበኝ።

ከተማዋን የመሠረተው ካፒቴን ተርመንድ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ለሠራው የቅየሳ ሥራ በክፍያ ምትክ ነበር። የቼሳፒክና ኦሃዮ የባቡር መስመር ሸለቆውን ያቋረጠውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በዙሪያዋ ካሉት ጉድጓዶች የወጣው ከሰል በእርሷ በኩል ማለፍ ስለጀመረ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥርት ዓመታት በቀን 15 የመንገደኛ ባቡሮች ይመላለሱባት፣ በዓመት እስከ 95 ሺህ መንገደኛም ያልፍባት ነበር። ባንኮቿ ከግዛቱ ባንኮች ሁሉ የከበሩ ነበሩ ይባላል። ከሰሉን የሚቆፍረው ሠራተኛ ግን በዚያ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ደመወዙን የሚቀበለው ከኩባንያው ሱቅ በቀር ሌላ ቦታ በማይሠራ የኩባንያ ገንዘብ ስለነበር፣ ባንኩ በማን ሀብት እንደከበረ መገመት አያዳግትም። ቦታው እጅግ ጠባብ በመሆኑ ከተማዋ ዋና ጎዳና እንኳ አልነበራትም፤ ሱቆቹና ባንኩ በራቸውን የከፈቱት በቀጥታ ወደ ሐዲዱ ነው።

ካፒቴኑ አጥባቂ ባፕቲስት ስለነበር በመሬቱ ላይ መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። ማኬል የተባለው ሌላው ባለመሬት ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1901 ከከተማዋ ወሰን ወጣ ብሎ 100 ክፍሎች ያሉት ደን ግሌን የተባለ ሆቴል ሠራና መጠጡም ቁማሩም ወደዚያ ተሻገረ። በዚያ ሆቴል አንድ የካርታ ጨዋታ ሳይቋረጥ 14 ዓመት ቆየ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ1930 ተቃጥሏል። የድሬዳዋዋ ከዚራ ሰፈር በዛፎቿ ጥላ ሥር ቀጥ ባሉ መንገዶቿ ተከብራ ስትቀመጥ፣ ጫጫታው፣ ንግዱና ሳቁ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር መሆኑን ለሚያውቅ የድሬ ሰው ይህ አከፋፈል እንግዳ አይሆንበትም።

ተርመንድን የገደላት ናፍጣ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ውኃ ይጠጣል፣ ከሰል ይበላል፣ አመዱን የሚጠርግለትና ብረቱን የሚጠግንለት ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ባለሙያ የሞላበት ከተማ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ሲተካ ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ጊዜ ቀረ። ቀደም ብሎም የኢኮኖሚው ድቀትና እሳት ንግዷን አዳክመውት ነበር።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚደንቀኝ። ድሬዳዋም የተወለደችው ከባቡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት አልቻለምና ከሥሩ ቆመ፤ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ናፍጣው ወደ እኛም መጣ፣ ኋላም አሮጌው ባቡር በአብዛኛው ቆመ፣ ድሬ ግን አልሞተችም። ቀፊራ ገበያው፣ ታይዋን የተባለው ገበያ ሸቀጡ፣ የሐረርጌ ጫትና ቡና፣ ሲሚንቶውም አሉ። ሕዝቡ በአንድ ነገር ብቻ መኖርን አያውቅበትም። ምናልባትም ቅርሱን ችላ ያልነው በሕይወት ስላለን ይሆናል፤ ባዶ ከተማን ማሳመር ደግሞ ቀላል ነው፣ የሚገፋፋህ ሰው የለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ንዴቴ አልበረደም። በተርመንድ ጣቢያ ማንንም ሳላስፈቅድ ገብቼ፣ የፈለግሁትን ፎቶ አንሥቼ፣ የጠየቅሁትን አስረድተውኝ ወጣሁ። አገር ቤት በገባሁ ጊዜ አንድ አሮጌ ሕንጻ ከውጭ ሆኜ ፎቶ ላነሣ ስል ዘበኛው «ደብዳቤ አለህ?» አለኝ። ከማን የሚጻፍ ደብዳቤ እንደሆነ ብጠይቀው «ከሚመለከተው አካል» አለኝ። የሚመለከተው አካል የትኛው ነው ብዬ ያነጋገርኳቸው ሁሉ ወደ ሌላ ቢሮ መሩኝ፤ ሌላው ቢሮ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ። እርሳቸው ከስብሰባ ሳይወጡ ዕረፍቴ አለቀ።

ተርመንድ ውስጥ በእንፋሎት ባቡር ላይ የሠራ ሰው ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ያለው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ነው። ድሬዳዋ ግን የቦልቱን ስም በፈረንሳይኛ የሚነግሩህ፣ ሎኮሞቲቩ የት ዳገት ላይ እንደሚያቃስት በቃላቸው የሚያውቁ የሸማንደፈር (የምድር ባቡሩ) ጡረተኞች ዛሬም ሻይ ቤት ተቀምጠው ይገኛሉ። አጠገባቸው ተቀምጦ የሚመዘግብ ሰው ግን እኔ አላየሁም። አባቴ ሲያርፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጁ ያሠራው ዕውቀት አብሮት ሄደ፤ እኔም ብሆን ጠይቄ የጻፍኩለት ነገር የለም።

ካርዲናል የተባለው የአምትራክ (የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት) ባቡር ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን በተርመንድ ያልፋል፤ ተሳፋሪ ካለ፣ አንድ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከጣቢያዋ ደጃፍ ላይ ይቆምለታል። በባቡር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያውን ያቆመው ከከተማዋ ውጭ ነውና፣ የድሬ ልጅ ባቡር ለመሳፈር ገና በሌሊት ተነሥቶ ባጃጅ መኮናተር አለበት።