በቢጫው ምልክት ሥር

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ በጥገና ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ወደ ምድር ቤቱ በሚያስገባው በር አጠገብ አንዲት የዛገች ቆርቆሮ በግድግዳው ላይ ተመትታለች። መደቧ ቢጫ ነው፤ በላይኛው ወገን ጥቁር ክብ፣ በክቡ ውስጥ ደግሞ ጫፋቸውን ወደ መሬት ያቀረቀሩ ሦስት ቢጫ ሦስት ማዕዘኖች አሉባት። ከሥራቸው የተጻፈውን ፀሐይና ዝናብ በልተውታል። ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሪክ አደጋ ማስጠንቀቂያ ትመስለኝ ስለነበር ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

ባለፈው ጥር የማሞቂያ ቧንቧ ፈነዳና ለአርባ ዓመት ያህል ማንም ያልገባበትን የጀርባ ክፍል መክፈት ግድ ሆነብን። ከአሮጌ አልጋና ከተሰበረ ወንበር ኋላ አንድ ክብ በርሜልና አራት ማዕዘን የብስኩት ጣሳ አገኘን። በርሜሉ 66 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ጎኑ ላይ መመሪያ ታትሞበታል። ውኃው ተጠጥቶ ሲያልቅ በርሜሉ እንዴት ሽንት ቤት እንደሚሆን ያስረዳል። እዚያው ጨለማ ውስጥ በእጅ ባትሪ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዓለም ታላቅ ኃይል የሚባለው አገር በዋና ከተማው ለሚኖሩ ዜጎቹ ያዘጋጀው የመጨረሻ ቀን ስንቅ ይህ ነበር፤ ደረቅ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሊትር ገደማ ውኃ፣ ለሁለት ሳምንት።

ከኒውክሌር ትቢያ መሸሸጊያ መኖሩን የሚጠቁሙት ቢጫዎቹ ምልክቶች በየሕንፃው መለጠፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ዓመት በርሊን በግንብ ተከፈለች። ጥቅምት 30 ቀን ሶቪየት ኅብረት ኖቫያ ዜምልያ በተባለው የሰሜን ዋልታ ደሴት ላይ 50 ሜጋቶን ኃይል ያለው የኒውክሌር ቦምብ አፈነዳች። ሂሮሺማን ካወደመው ቦምብ ከ3,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነው። ምድር ቤቶቹ እንዲህ ያለውን ፍንዳታ አይችሉም፤ ለዚያም አልተሠሩም። የታሰቡት ፍንዳታው ሩቅ ሆኖ በነፋስ ተነድቶ ከሚመጣው መርዛማ ትቢያ ለመሸሸግ ብቻ ነበር። ዋሽንግተን ላይ ቦምቡ ቢወድቅ ኖሮ የእኔ በርሜል ለማንም አይተርፍም። ለሕግ አውጪዎቹ ግን ሌላ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ፣ ግሪንብራየር ከተባለው የመዝናኛ ሆቴል ሥር፣ በሩ 25 ቶን የሚመዝን ምሽግ በምሥጢር ተሠራላቸው። ሕዝቡ ይህን ያወቀው በ1992 ነው። ለገዢ የብረት በር፣ ለተገዢ ብስኩት። ይህን ሳነብ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም፤ ያደግኩበት አገርም ይህን ያውቃል።

በሦስተኛው ፎቅ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት ይኖራሉ። እዚሁ ከተማ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው። ስለ በርሜሉ የነገርኳቸው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አግኝቻቸው ነው። ከማድረቂያው የሚያወጡትን ፎጣ ይዘው ቀሩ። በጥቅምት 1962 የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። መምህርቷ ፊሽካ ስትነፋ ጠረጴዛ ሥር ገብተው፣ ተንበርክከው፣ ሁለት እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር። አባታቸው የገላ መታጠቢያ ገንዳውን በውኃ ሞልቶ «ማንም እንዳይነካው» ብሎ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ቤተሰቡ ገላውን አልታጠበም። እናታቸው ማታ ማታ የልጆቹን ስም በየካፖርቱ ውስጠኛ ገበር ላይ በክር ትጽፍ ነበር። «ለምን እንደምትጽፈው አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም» አሉኝ።

ያቺ ሳምንት እንደምን ያለች እንደነበረች ዛሬ ሰነዶቹ ወጥተው ይታወቃል። የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ጥቅምት 14 ቀን ኩባ ውስጥ የሶቪየት ሚሳይሎችን ፎቶግራፍ አነሳ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ22ኛው ቀን ማታ በቴሌቪዥን ለሕዝባቸው ተናገሩ፤ የባሕር ኃይላቸውም ደሴቷን ከበበ። ቅዳሜ ጥቅምት 27 አንድ የአሜሪካ አብራሪ ኩባ ላይ ተመትቶ ሞተ። በዚያው ቀን ቢ-59 የተባለው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ከላዩ የአሜሪካ መርከቦች በሚጥሉት የማስጠንቀቂያ ፈንጂ ሲናወጥ ዋለ። ከሞስኮ ጋር መገናኘት አልቻለም፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሎ መርከበኞቹ ይዝለፈለፉ ነበር። ኒውክሌር የተጠመደበት ቶርፔዶ ይዟል። አዛዡ ጦርነቱ የተጀመረ መስሎት ሊተኩስ እንደ ነበር፣ ቫሲሊ አርኺፖቭ የተባለው መኮንን ግን እንደ ከለከለው ይነገራል። ታሪኩ ለሕዝብ የደረሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በማግስቱ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሱ አስታወቁ፤ ኬኔዲም ቱርክ ውስጥ የተከሉትን የራሳቸውን ሚሳይል ለማንሳት በምሥጢር ቃል ገቡ። የእኚህ ሴት እናት በክር የጻፈቻቸው ስሞች ሳያስፈልጉ ቀሩ።

«ቀዝቃዛው ጦርነት» የሚለው ስም የማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ቀዝቃዛ የሆነው ለእነሱ ነው። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር፤ የሴትዮዋን እጅ አይቼ ይህን አልጠራጠርም። ግን የፈሩት አልደረሰባቸውም። የእኛ ግን ደርሷል፤ ከላይ በሚወርድ ቦምብ ሳይሆን በየእጃችን በተሰጠን ጠመንጃ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከእኛ ቤት ጀርባ አንድ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ባሻ» ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 በመርከብ የኮሪያ ወደብ ፑሳን ከደረሱት የክቡር ዘበኛ ወታደሮች አንዱ ናቸው። ያ ጦር ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፤ ምርኮኛ ግን አንድም አልሰጠም። ደርግ ሲመጣ ይህ ሁሉ ነውር ሆነ፤ ኮሙኒስትን የወጋ ሰው «የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ» ተባለ። በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977/78) የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ባለቤታቸው በርበሬ ተውሼ እንድመጣ ጣሳ ሰጡኝ። ጣሳውን ስከፍተው ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፤ ሰማያዊና ነጭ ሽንትር ያለው ጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለ ሜዳሊያ ነው። ባሻ ደርሰው ከእጄ ወሰዱት። አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ ይህን አላየህም» ብቻ አሉኝ። እኔም አላየሁም፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሰሞን ዓለም ከእግራችን ሥር ተገልብጦ ነበር። አሥመራ ላይ ቀድሞ ተተክሎ እ.ኤ.አ. በ1953 ስምምነት የጸናው የአሜሪካ የሬዲዮ ማዳመጫ፣ እሱም በዚያው ሻለቃ ስም ቃኘው ጣቢያ የተባለው፣ ተዘጋ። በበርበራ ሰፍረው የሶማሊያን ጦር ያስታጠቁት ሶቪየቶች ወደ እኛ ዞሩ፤ እኛን ያስታጠቁት አሜሪካኖች ሄዱ። በአየር ድልድይ ታንክና መድፍ ጎረፈ፤ ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ። በ1962 የሴትዮዋ አባት ገንዳ ውኃ የሞላው በኩባ ምክንያት ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የኩባ ልጆች ጅጅጋ ዙሪያ ከእኛ ልጆች ጎን ሲሞቱ እኔ አዲስ አበባ በሰልፍ ቆሜ ስማቸውን በመዝሙር አነሳ ነበር።

እዚህ ዋሽንግተን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ በ1995 የተመረቀ። ዝናብ ልብስ ለብሰው በሣር መካከል የሚራመዱ 19 የብረት ወታደሮች ቆመውበታል። ሰው ሁሉ እነሱን ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን የምሄደው በስተሰሜን ካለው የእግር መንገድ ጠርዝ ነው። ከዝቅተኛው ድንጋይ ላይ የ22 አገሮች ስም በፊደል ተራ ተቀርጿል፤ ከዴንማርክና ከፈረንሳይ መካከል ኢትዮጵያ አለች። ጎንበስ ካላሉ አይታይም። አንድ ቀን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ የትግላችን ሐውልት ቀይ ኮከብ አናቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። በኦጋዴን የወደቁ ኩባውያን ፎቶግራፍ ተደርድሮበታል። ሐውልቱን የሠራልን ሰሜን ኮሪያ ነው፤ ባሻ ሊወጉት የዘመቱት መንግሥት። በ1984 ሲመረቅ ባሻ በሕይወት ነበሩ። ምን እንዳሰቡ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሁለት ኃያላን መጫወቻ ነበርን ብለን ስንናገር ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እኔም ብያለሁ። እውነት አለው። ነገር ግን ስለ በርሜሉ ለማወቅ ብዬ በዕረፍት ቀኔ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የ1961ን ሰነዶች ሳገላብጥ በትምህርት ቤት ማንም ያልነገረኝን ነገር አገኘሁ።

በኖቫያ ዜምልያ ያ ግዙፍ ቦምብ ከፈነዳ ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 24 ቀን 1961፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን ስለ መከልከል የወጣውን መግለጫ፣ ቁጥር 1653ን፣ ተቀበለ። ሐሳቡን ያመነጨችና የመራችው፣ የአፍሪካና የእስያ አገሮችን ከጎኗ አሰልፋ፣ ኢትዮጵያ ናት። መግለጫው ኒውክሌር የሚጠቀም መንግሥት የድርጅቱን ቻርተር እንደጣሰ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይም ወንጀል እንደፈጸመ ይቆጠራል ይላል። 55 አገሮች ደገፉት፤ 20 ተቃወሙት፤ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ናቸው፤ ምዕራብ አውሮፓን ከሶቪየት እግረኛና ታንክ ይጠብቅልናል ብለው ያመኑት ያንኑ ቦምብ ነበርና። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች። እጅ ማውጣት ምንም አያስከፍላትም ነበር፤ የወሩ ጭስ ገና አልበረደም።

ኢትዮጵያን ግን ያስከፍላት ነበር። በዚያን ሰዓት ቃኘው ጣቢያ አሥመራ ላይ ይሠራል፤ ጦራችን የሚለብሰውም የሚተኩሰውም የአሜሪካ ነው። ጦርነት ቢነሳ ያ ማዳመጫ የሶቪየት ዒላማ ሊሆን እንደሚችል ማሰብም ከባድ አይደለም። አስታጣቂያችን የማይፈልገውን ቃል፣ በአስታጣቂያችን አገር፣ ኒው ዮርክ ላይ ቆመን አቀረብን።

ድፍረቱ ከየት እንደመጣ መግለጫው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በመግቢያው ከጠቀሳቸው የቆዩ ስምምነቶች አንዱ የመርዝ ጋዝን የከለከለው የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው። ኢጣሊያ ፈርማበት ነበር። ፈርማበትም በተከዜና በማይጨው፣ በአሸንጌ ዳርቻ፣ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ አወረደችው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ሲናገሩ ጉባኤው ሰምቶ ዝም አለ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ስለ ኒውክሌር የተናገረችው አገር ከሰማይ የወረደ ሞት በሕዝቧ ቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ የምታውቅ ነበረች። እኔ ይህን መግለጫ ከአድዋ ቀጥሎ የማስቀምጠው ነገር ነው፤ የሚበዛ ለሚመስለው ሰውም አልከራከርም። የሚያሳዝነኝ እኛ ራሳችን መርሳታችን ነው። የዓለም ፍርድ ቤት በ1996 ስለ ኒውክሌር ሕጋዊነት አስተያየት ሲሰጥ ጠቅሶታል፤ የእኛ አዳራሾች ግን ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲነሳ ጠመንጃውን ማን እንደሰጠን ብቻ ይከራከራሉ።

ጽሑፉን በወረቀት አትሜ ወደ ሕንፃው ይዤው ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሴትዮዋን እዚያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል አገኘኋቸውና አነበብኩላቸው። ቀኑን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ኅዳር 24፣ ዓርብ። «የምስጋና በዓል ማግስት» አሉ፤ «አባቴ በማዕዱ ላይ ጓሮውን ቆፍሬ መጠለያ ልሥራ ወይስ ይቅር እያለ ከአጎቴ ጋር ሲሟገት ነበር።» ቀጥለው አገራቸው ከየትኛው ወገን እንደነበረች ጠየቁኝ። ከተቃወሙት ዝርዝር ውስጥ በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት፤ ከዚያም የእኔን አገር ፈልገው ከደገፉት መካከል አገኟት።

ብዙ አልተናገሩም። ከማድረቂያው ትልቁን አንሶላ አወጡና አንዱን ጫፍ ለእኔ አቀበሉኝ፤ ገና ይሞቃል፤ በሁለት ወገን ይዘን አጠፍነው።