ማኅተም የያዘ ሁሉ መሪ አይደለም

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ለምንኖር ሁሉ ነው። ብትቀየሙኝም እናገራለሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ መሪ ማለት አብዝተናል፤ የሚጎዳውም እኛኑ ነው።

የኮሚቴ ምርጫችንን ታውቁታላችሁ። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ተኩል ላይ ይጀመራል። ብዙው ሰው ይቀራል፤ የመጣውም ቶሎ መሄድ ይፈልጋል። አንደበቱ የተፈታ፣ "ወረዳ ሰው አለው" የሚባል አንዱ ይጠቆማል። "ይሁን፣ ይሁን" ብለን እጃችንን እናወጣለን። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሐሜት ነው።

የእኛን ግቢ ልንገራችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ምድር ቤት የምትኖር አንዲት እናት አለች። ቧንቧው ሲንፏፏ ስትሰማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ደረጃውን ትወጣና በር ታንኳኳለች። "ተነሱ፣ መጥቷል!" ሦስተኛ ፎቅ ላሉት አቅመ ደካማ አባት ጀሪካናቸውን ሞልታ፣ የሚሸከም ጎረምሳ ትቀሰቅሳለች። ማንሆሉ ሞልቶ ፍሳሹ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ሲፈስም፣ በየቤቱ ዞራ ብር ያሰባሰበችው፣ መምጠጫ መኪናውን ያስመጣችው እሷ ናት። ሊቀመንበሩ ያን ሳምንት ስልክ አላነሳም። ማኅተሙን ግን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። ስብሰባ ሲጠራ ብድግ ብለን የፊት ወንበር የለቀቅነው ለእሱ ነው። እሷ ከኋላ ቆማ አዳመጠች። ያቆምናት እኛ ነን።

ልዩነቱ ጠፍቶን አይደለም። የእድር ዳኛ ስንመርጥ እኮ እናውቅበታለን! ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርሰውን፣ ድንኳን ሲተከል እጅጌውን የሚሰበስበውን፣ የድሃውን ሐዘን ከሀብታሙ የማያሳንሰውን እናያለን። እንዲህ ያለው ሰው ሲናገር የምንሰማው ቅጣት ፈርተን ብቻ አይደለም። ታዲያ ይህ ማስተዋላችን ቢሮ ደጃፍ ስንደርስ የት ይገባል?

ቢሮ ስል፣ ለአንዲት ፊርማ ሁለት ታክሲ ይዘን እንሄዳለን። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ።" ነገም ስብሰባ ነው። ለምክትሉ ውክልና ቢሰጥ በደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ሳምንት ይፈጃል። ሁሉ ነገር በእኔ እጅ ካላለፈ የሚል አለቃ ሥራ ያግዳል እንጂ አይመራም። እናንተ በሥሩ ያላችሁትም ስህተቱን እያያችሁ "ልክ ነዎት" ትሉታላችሁ። ይህ አክብሮት አይደለም፤ እሱንም ባለጉዳዩንም መበደል ነው።

ሹመት ያልጠበቁ ሰዎች ከዓይናችን ሩቅ አይደሉም። ወደ አያት ብቅ በሉና መቄዶንያን፣ ያን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ እዩ። ቢኒያም በለጠ የወደቁ አረጋውያንን አንስቶ ቤተሰቡ ቤት ማስጠጋት ሲጀምር ማንም አልሾመውም። "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውን የማዕከሉን ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ወይዘሮ አበበች ጎበናም በረሃቡ ዘመን ከግሸን ማርያም ሁለት ወላጅ ያጡ ሕፃናት ሊያሳድጉ ይዘው ሲመለሱ የማንም የሹመት ደብዳቤ አልነበራቸውም። ሰው ግን ተከተላቸው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንጻችንን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩ የያዘው የእኛን አደራ ነው። ስለዚህ ጉባኤ አትቅሩ። የወርሃዊ መዋጮውን ሂሳብ በደረሰኝ ጠይቁ። የሚጠይቀውንም ሰው "አስቸጋሪ" አትበሉት። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረትም በልጆቻችሁ ፊት እየሳቃችሁ አታውሩት፤ ልጅ የሰማውን ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል። ሰው ከኃላፊነት ሲወርድ ስልኩ ዝም ይላል። ትናንት "ጋሼ" ስንለው የነበረውን ዛሬ መንገድ ላይ እናልፈዋለን። ሌላው ይህን እያየ ነው ወንበሩን የሙጥኝ የሚለው። ሂሳቡን አስመርምሮ፣ ማኅተሙን በሰላም ያስረከበ ጎረቤት ካላችሁ ቤቱ ሂዱ። ቡና አብራችሁ ጠጡ። በሚቀጥለው ጉባኤም አዲሶቹን ተመራጮች እንዲያማክር ጥሩት።