ዘቅዝቆ የመሸከም ጥበብ

አቦ፣ ዶሮ ማጓጓዝ ላይስ ድሬን የሚያክል የለም!

በበዓል ዋዜማ ቀፊራ ገበያ ብቅ በሉ። ጥበበኛው አምስት ስድስት ዶሮ እግራቸውን በአንድ ሲባጎ ያስርና ዘቅዝቆ በአንድ እጁ ያንጠለጥላል። ሌላው እጁ ለስልክ ነው። ዶሮ እንደ እኛ ሆድና ደረቷን የሚለይ ድያፍራም የላትም። ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ዝም ትላለች። ገዢውም "እንዴት ያለች ጨዋ ናት!" ይላል። ትንፋሽ ሲያጥር ጨዋነት መምጣቱ የታወቀ ነው።

ከደብረ ዘይት የሚመጡት ደግሞ ባለ ዕድሎች ናቸው። እንቁላል ሲጥሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አገር ያያሉ፣ ያውም ፖርቶ መጋላ ላይ ሆነው። ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ነፋስ ይመታኛል ብሎ መስኮቱን ጥርቅም አድርጓል። እነሱ የቁልቢን ብርድ በነፃ ጠጥተው፣ ደንገጎን ቁልቁል ወርደው የድሬን ሙቀት ይቀበላሉ። ሁለት አየር በአንድ ቀን!

መኪናው ለምሳ ሲቆም ሰው ጥላ ይፈልጋል። ረዳቱ አዛኝ ነውና ዶሮዎቹን ፀሐይ እንዳይነካቸው በሸራ ይጠቀልላቸዋል። አየርም አብሮ እንዳይነካቸው ጥብቅ አድርጎ። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ሸራው ሲገለጥ አፋቸውን እንደከፈቱ ይገኛሉ። "ድሬ በመድረሳቸው ደስ ብሏቸው ነው" ይላል ረዳታችን።

ማውረዱም ሙያ ይጠይቃል። ብዙ የጣለች ዶሮ ካልሲየሟ በእንቁላል ቅርፊት ስላለቀ አጥንቷ ስስ ነው። በክንፏ ሲስቧት ቀጭ ይላል። ለባለሙያዋ ትልቅ እገዛ ነው፤ ብልት ማውጣቱ ከወዲሁ ተጀመረላት።

አንዳንድ ቅንጡዎች "አየር በሚያስገባ ሳጥን፣ ሳይጨናነቁ፣ በሌሊት ይጓዙ" ይላሉ። ሳጥን ቦታ ይይዛላ! ሌሊትስ ሹፌሩ አይተኛም? መንገድ ላይ ለሞቱት ደግሞ ማንም አይከስርም፤ ሒሳባቸው በቀሩት ላይ ይጨመራል።

ቤት ስትደርስማ መስተንግዶው አይጣል ነው። መንገዱን ሙሉ ጠብታ ላልቀመሰችው ዶሮ ውሃው በባልዲ ይቀዳል። ሎሚ ይጨመቃል፣ ጨው ይነሰነሳል፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይለወጥላታል። ከታረደች በኋላ ቢሆንም።