ቲያትራችንን ከሳጥኑ እናውጣው

ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቲያትር እያየሁ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረክ ላይ ባልየው ገንዘቡን ለወንድሜ አበድሬው ነው እያለ ለሚስቱ ይምልላታል፣ እኛ ግን ገንዘቡን የት እንዳጠፋው ቀደም ብሎ አይተናል። ከኔ ሁለት ረድፍ ቀድመው የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አትመኚው ልጄ፣ አትመኚው!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናይቷ አልደነገጠችም፣ ቃለ ተውኔቱንም አልቀየረችም። ሳቁ ጋብ እስኪል ዝም ብላ ቆየች፣ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ሴትየዋ መለስ አረገች፣ ከዛ ወደ ባሏ ዞራ የተጻፈላትን ቃል ብቻ አለች፣ «እሺ»። በዛች እሺ ሚስትየው ውሸቱን እያወቀች እየተቀበለችው እንደሆነ ሁላችንም ገባን፣ እና እሱን ያደረገው ደራሲው ብቻ አይመስለኝም፣ እኚያ እናትም ጭምር ናቸው።

ስንወጣ በሩ ጋ አንድ ልጅ ለጓደኛው «የኛ ሰው እኮ ቲያትር ማየት አይችልበትም» ሲለው ሰማሁ። ይሄን ነገር ከባለሙያዎችም አፍ ሰምቼዋለሁ፣ ተመልካቹ ይመልሳል፣ ይጮሃል፣ ያለቦታው ይስቃል፣ ስርዓት መማር አለበት ይላሉ። ስልክ ስለሚያወራው ሰው ከሆነ እስማማለሁ፣ እሱ ቲያትሩን እያየ አይደለም። ለተዋናዩ የሚመልሰው ተመልካች ግን ከማንም በላይ እያየ ያለ ሰው ነው፣ እኔ ችግሩ ያለው አዳራሹ አሠራር ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳየው ሳጥን ላይ። ቲያትራችን ከሱ ወጥቶ ሰው ዙሪያውን ከቦ በሚያየው ክብ ቢሠራ ይሻላል።

ምክንያቱም ጨለማ ውስጥ ጭጭ ብሎ ማየት የሚባለው ነገር በጣም ቅርብ ጊዜ የመጣ ነው። ግሪኮች ቲያትር ያሉት ራሱ «ማያ ቦታ» እንደማለት ነው፣ አቴንስ አክሮፖሊስ የሚባለው ኮረብታ ግርጌ ተዳፋቱ ላይ ሺዎች ተቀምጠው በጠራራ ፀሐይ ያያሉ፣ ከፊታቸው ክብ ሜዳ አለ፣ እዛ ላይ ዘማሪና ጨፋሪ ይሽከረከራል፣ ተመልካች ደግሞ ከወዲያ ማዶ ያለውን ተመልካች ፊት ያያል። በ1599 እንደ ፈረንጆቹ ለንደን የተሠራው ግሎብ የሚባለው የሼክስፒር ቤትም እንደዛው ነው፣ መድረኩ ሰው መሀል ገብቶ በሦስት በኩል ይከበባል፣ ርካሽ ትኬት የቆረጠው መሬት ላይ ቆሞ ያያል፣ ሰዓቱ ቀን ነው። ሐምሌት ብቻውን ቆሞ የሚናገረውን ስታነቡ ለብቻው የሚያወራ እብድ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን ተዋናዩ ፊታቸው ለሚታየው ሰዎች እየጠየቃቸው ነበር የሚናገረው።

ሳጥኑ የመጣው ከጣሊያን ነው። ሰዓሊዎቹ ርቀትን በስዕል ማሳየት ሲለምዱ መድረኩንም እንደ ስዕል ፍሬም ውስጥ ከተቱት፣ በ1618 ፓርማ ከተማ የተሠራው ቲያትር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ያ ስዕል ልክ ሆኖ የሚታየው ደግሞ ከአንድ ወንበር ብቻ ነበር፣ ከመስፍኑ ወንበር። እንደዛም ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ሻማ ይበራል፣ ሰው ይተያያል፣ ያወራል። ጋዝ መብራት ሲመጣ ነው ብርሃኑን ከአንድ ቦታ መቀነስ የተቻለው፣ የኦፔራ ደራሲው ቫግነር በ1876 ጀርመን አገር ባይሮይት ላይ አዳራሹን አጨለመው፣ በ1881 ለንደን ሳቮይ ቲያትር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በራ። ከዛ ሕይወትን እንዳለች ማሳየት የሚለው ሪያሊዝም መጣ፣ መድረኩ አራተኛ ግድግዳው የተነሳ ሳሎን ሆነ፣ በ1898 የተከፈተው የሩሲያዊው አዘጋጅ የስታኒስላቭስኪ የሞስኮ አርት ቲያትር ተዋናዩ ተመልካች እንደሌለ ሆኖ እንዲኖር አሰለጠነ። ትልቅ ጥበብ ነው፣ አልክድም። ግን እኛ «የቲያትር ስርዓት» የምንለው ነገር ዕድሜው 150 ዓመት ገደማ ነው።

እኛ ጋር እንዴት ገባ? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው እዛ አድገው የተማሩ ሰው ናቸው፣ ሲመለሱ ቲያትር ተብሎ የሚታየው የአዝማሪ ዘፈንና ጭፈራ አላረካቸውም፣ ስለዚህ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረት መነሻ አርገው ፋቡላ የሚባለውን ተውኔት ጻፉ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ታየ። አውሬዎቹ የሚያወሩት ስለ ሹማምንቱ ጉቦና ስንፍና ነው፣ ተመልካቾቹ ደግሞ እነዛው መኳንንት! ራሳቸውን አዩት፣ ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት፣ ኃይለ ሥላሴ እስኪነግሡ ድረስ ቲያትር እንደዛው ቆመ። እኚህን ሰውዬ አከብራቸዋለሁ፣ የተጻፈ ተውኔት፣ ልምምድ፣ ሥርዓት ያለው መድረክ የሚባለውን ያመጡልን እሳቸው ናቸው። አዝማሪውን በተመለከተ ግን አልስማማም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ስታዩ መሀል ላይ ማሲንቆ የያዘው ሰው አለ፣ ዙሪያውን ሰው ነው፣ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ይቀበልና ጨምሮ አሳምሮ ይመልሰዋል። ተመልካቹ ደራሲ ነው ማለት ነው። ሙሾም፣ ፉከራም፣ ሆያ ሆዬም እንደዛው፣ አውራጅ አለ ተቀባይ አለ፣ ቅርጹ ክብ ነው።

ከዛ በኋላ ሕንፃዎቹ መጡ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው በ1948 ዓ.ም. ለኃይለ ሥላሴ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ ተመረቀ፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ቤት ነው። የሲኒማ ቤት ወንበር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያይ፣ ምን ይደረግ። ደራሲዎቻችን እዛ ውስጥ ገብተውም ተአምር ሠርተዋል፣ መንግሥቱ ለማ ስለ ጠለፋና ስለ ያላቻ ጋብቻ ሰውን እያሳቀ ሞግቶበታል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬኽትን «እናት ኩራዥ» ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ» አርጎታል። ብሬኽት ራሱ እኮ ከዛ ሳጥን ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ነው፣ መብራቱ ይታይ፣ ተዋናዩ ከታሪኩ ወጣ ብሎ ለተመልካች ይዝፈን፣ ሰው ፈዞ አይቀመጥ ይል ነበር። እሱ ደክሞ የፈለገውን ተመልካች እኛ በነፃ አለን፣ እኛ ደግሞ ዝም በሉ እንላለን።

አሁን መጋረጃ ሲከፈት ስንት ጊዜ ነው ሶፋ ያያችሁት? መሀል ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ ግራ በር፣ ቀኝ በር፣ አራት ሰው ተደርድሮ ፊቱን ወደኛ አርጎ ይነጋገራል። በክብ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይሆንም። ሶፋውን ራሱ ማስገባት አትችሉም፣ መደገፊያው የአንዱን ወገን ሰው ይጋርዳል፣ በርጩማና ዱካ ነው የሚሆነው፣ የኛው ቤት ዕቃ። ተዋናይ ሁሌ ለአንድ ወገን ጀርባውን ስለሚሰጥ አንድ ቦታ ተተክሎ ረጅም ንግግር ማድረግ አይችልም፣ ይዞራል፣ ሁለት ሰው ሲነጋገር ትይዩ ሳይሆን ሰያፍ ይቆማል፣ ጀርባውም መናገር መማር አለበት። መብራት ከላይ ቁልቁል ነው የሚመጣ፣ ከጎን ከመጣ ማዶ ያለውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ግድግዳ ስለሌለ ቀለምና ኮምፔርሳቶ የሚበላው ብር ለአልባሳትና ለልምምድ ይተርፋል፣ ይሄ ደግሞ ቲያትር ለማውጣት አዳራሽ አጣን ለሚሉ ወጣቶች ቀላል ነገር አይደለም። የተማሪዎች የድራማ ክበብ ሜዳ ካለው ሌላ ምን ይፈልጋል?

አንድ ትምህርት ቤት ይሄንኑ ሲሠሩ አይቻለሁ። ልጆቹ ለኳስ ሜዳ ማስመሪያ በመጣው ኖራ ክብ አሰመሩ፣ አግዳሚዎቹን ዙሪያውን ደረደሩ፣ ወላጅ መጣ፣ ሰፈሩ መጣ። ታሪኩ ዓረብ አገር ሄዳ ሬሳዋ ስለተመለሰ ልጅ ነው። ከመድረክ ጀርባ የሚባል ነገር ስለሌለ ተዋንያኑ እኛው መሀል ተቀምጠው ተራቸው ሲደርስ ካሉበት ይነሳሉ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ዝም ብላ የምታይ መስሎኝ ነበር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች፣ እህትየው ናት፣ ገና ሁለት ስንኝ ሙሾ እንዳወረደች ከኋላዬ የነበሩት እናቶች ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት።