ካሜራ የማያየው ሥራ

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «በጸጥታ ቀውስ ወቅት ስሙ በዜና የማይነሳ ኃያል አገር ተጽዕኖው ቀንሷል ማለት ነው» ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የኩባን የሚሳይል ቀውስ እንውሰድ፤ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ የኑክሌር ሚሳይሎች በመትከሏ ከአሜሪካ ጋር የተፋጠጡበትን። ኦክቶበር 25 ቀን 1962 የአሜሪካው አምባሳደር አድላይ ስቲቨንሰን በጸጥታው ምክር ቤት በተባበሩት መንግሥታት የሶቪየት ተወካይ የነበሩትን ዞሪንን በጥያቄ አፋጠጡ። ትልልቅ የአየር ፎቶግራፎች አቁመው የሚሳይል ጣቢያዎቹን በጣታቸው ጠቆሙ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ይህን ነው። ከ2 ቀን በኋላ ግን የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ በዋሽንግተን የሶቪየቱን አምባሳደር ዶብሪኒንን ለብቻ አገኙ። ሶቪየት የኩባዎቹን ካነሳች ቱርክ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎችም እንደሚነሱ ነገሯቸው፤ ወሬው እንዳይወጣም አሳሰቡ። ዋናው ድርድር እዚያ ነበር፣ አንድም ካሜራ በሌለበት።

አልጄሪያም አለች። በቴህራን የታገቱት 52 አሜሪካውያን ከ444 ቀን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲለቀቁ በአሜሪካና በኢራን መካከል መልእክት ስታመላልስ የከረመችው እሷ ናት። ኃያል አገር አይደለችም፣ ግን ስንቱ ያስታውሳታል?

ጋዜጠኛ ላይ አልፈርድም። መግለጫ ወደሚሰጥበት ይሄዳል፤ በር ዘግተው የሚያወሩትን ከየት አምጥቶ ይቅረጽ?

በርግጥ መታየት ራሱ መሣሪያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ይህን አልክድም። የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ አንድ ባሕር የሚላከው ሁሉም እንዲያየው ጭምር ነው። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ግን ዜና ላይ ከወጣ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ጸሐፊው የቆጠሩት የመጀመሪያውን ብቻ ይመስለኛል።